«ይመስላል» ማለትን ያስተማርኩት ሰው

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ድምፄ ጠፋ። ጉንፋን አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም «እባክዎ ትንሽ ይርዱን» እየተባልኩ፣ ለትምህርት ወደኛ አገር ለሚመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የንግግር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከቡሩንዲ የመጡ ናቸው። ማንበብና መጻፉን ያውቁበታል፤ መድረክ ላይ ቆመው ጥናታቸውን ሲያቀርቡና መምህራን በጥያቄ ሲያጣድፏቸው ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል። ያንን ማፍታታት የኔ እንጀራ ነው። ታዲያ አንድ ረጅም ደቡብ ሱዳናዊ ስለ አገሩ የእህል ምርት የልምምድ ንግግር ሲያደርግ ድንገት ወረቀቱን ዝቅ አደረገና «በዚያ ዓመት የመንደራችን ሰው በረሃብ አለቀ፤ እኔ እዚያው ነበርኩ» አለ። እንደ ልማዴ ላቋርጠው ነበር። «እንዲህ አይባልም፤ መረጃዎች ይህን የሚያሳዩ ይመስላል በል» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ልጆቹ ተንጋግተው ውሃ አመጡልኝ፤ አሮጊቷ ደከማት ብለው ነው። መድከሙንስ ደክሞኛል፤ ግን የዚያን ቀኑ ከእርጅናም አልነበረም። ያን ዓይነት ንግግር መጀመሪያ ያረምኩበት ክፍል ታየኝ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ መስታወት የሌለው፣ መካነ ሰላም።

ያኔ፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት፣ መካነ ሰላም ለመድረስ ከደሴ ጎህ ሲቀድ መነሳት ነበር። አውቶቡሱ አቀስታ ላይ ሲቆም ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣና ብርጭቆው ለመጠጣት ሳይሆን እጅ ለማሞቅ ይያዛል። ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር አገልግሎት ስላክ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከጉልበቴ በላይ የሚቀር ቀሚስ ለብሼ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ ነው ከአውቶቡስ የወረድኩት። ቤት ያከራዩኝ እናት ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ነጠላ አምጥተው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ፤ ዓመቱን ሙሉ እንደታሰረ ቀረ። ክፍሌ በወር አምስት ብር ነበር፤ ኩራዝና ጋዝ በራሴ። መንገዱ ጥግ ላይ የልብስ ሰፊው በረንዳ አለ፤ የከተማዋ ሬዲዮ እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። ሰውየው የሲንጀሩን መርገጫ አቁሞ ዘፈን ያዳምጣል፤ ዜና ሲመጣ መርገጡን ይቀጥላል። የቴትሮን ጨርቅ ሱሪ እግሩ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋልኝ የሚሉ ወጣት አስተማሪዎች እዚያ ይሰለፋሉ። ከጠጅ ቤቱ በኩል አምባሰል በማሲንቆ ይሰማል፤ ያን ዜማ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ስሰማው ከመውረጃዬ አልፌ የሄድኩበት ቀን አለ። ዛሬ ሁሉም በየጆሮው የየራሱን ይሰማል፤ ያኔ አንድ ዘፈን ለከተማው ሁሉ ይበቃ ነበር።

አቶ ይማምን ያመጡልኝ ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ይማም የእርሻ ሠራተኛ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ከትከሻው የሰፋ፣ ሰው የሰጠው ኮት የሚለብስ፣ የከላላ ሰው። አባቱ ሸህ ኢብሬ ለልጆች ቁርአን የሚያቀሩ፣ በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። አፈር በጎርፍ እንዳይታጠብ በሚሠራው እርከን መሥሪያ ቤቱ አመስግኖት ውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርት እንዲማር መርጦታል፤ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት የውጭ አገር ምሁራን ደሴ ድረስ መጥተው በቃል ይፈትኑታል። «አንቺ ከዩኒቨርሲቲ ነሽ፤ አፉን ፍቺልን» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎች ከተለቀቁ በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይማም እየመጣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጥ ነበር።

እንደሱ ያለ ተማሪ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ያለኝን ብቸኛ የንግግር መጽሐፍ አውሼው በአሥራ አምስት ቀን መለሰልኝ። «ያዝኩት» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆሞ ሲያነበንብ ነው። መጽሐፉን በሙሉ፣ እንደ ቁርአን ሱራ፣ ገላውን ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዘ ተወጣው። «መልመጃ ሦስት፣ ወደሚቀጥለው ገጽ ይግለጡ» የሚለውን እንኳን አላስቀረም። ሳቄ አምልጦኝ ዓይኔ እስኪያለቅስ ሳቅሁ። እሱም ከኔ ጋር ሳቀና «ወላሂ ቲቸር፣ አባቴ ቢሆኑ በዚህ ሙክት ያርዱልኝ ነበር» አለ።

የከበደው መያዙ ሳይሆን መቃወሙ ነበር። የምሁራን ውይይት ማለት ጨዋ ጥል ነው ብዬ አስረዳሁት፤ ፈታኙ የተሳሳተ ነገር ይናገራል፣ እርስዎ ያርሙታል። በኛ አገር ግን ታላቅ ሲናገር የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ፈታኝ ሆኜ ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጥኩና በእንግሊዝኛ «አቶ ይማም፣ ጤፍ የሚበቅለው ባሕር ውስጥ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንዳሉት ነው፣ ቲቸር» አለ። ጤፍን ከባሕር ለማውጣት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ ግን ወጣ። «ይቅርታዎን ይስጡኝና፣ በዚህ ላይ ትንሽ ለየት ያለ አስተያየት ያለኝ ይመስለኛል» ማለት ሲችል፣ ያውም አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይህችን «ይመስለኛል»፣ ይህችን «ሳይሆን አይቀርም» እኔ ራሴ ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ የተማርኳት ናት፤ ምሁር አይምልም፣ ይጠረጥራል ይሉን ነበር። እኔም ለይማም እንደ ቅርስ አወረስኩት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዝናብ ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አልነበረም። በገበያው ቀን ከሩቅ የሚመጣው ሰው በዛ፤ ይዞ የሚመጣው እህል ግን አነሰ። ከዚያ የሚሸጥ የሌለው ሰው ብቻ ይመጣ ጀመር። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዱቄት ከመሬት የሚጠርጉ እናቶች አየሁ። የቆሙት ተቀመጡ፤ የተቀመጡት ተኙ። ከሁሉ ያልገባኝ ሰላምታው ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡትን «እንደምን አደራችሁ?» እላለሁ። እስላሙም ክርስቲያኑም «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይሉኛል። ዓይናቸው ጉድጓድ ገብቶ፣ ልጃቸው እቅፋቸው ውስጥ መተንፈሱ ሳይታወቅ፣ ደህና ነን። በወሎ ለጠየቀህ ሰው ችግርህን አታስቀድምም፤ ምስጋና ይቀድማል፤ እንግዳ ከሆነማ ጨርሶ አይነገረውም። ጨዋነት ነው። ያን ጨዋነት እወደው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው እናደድበታለሁ። የምናደደው ግን በነሱ ላይ አይደለም።

አንድ ቀን ሸህ ኢብሬ መጡ። ከከላላ መካነ ሰላም ድረስ በበቅሎ ይመጡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን በእግራቸው ነበር፤ በቅሎዋ ሞታለች። ልጃቸውን የምታስተምረውን ሴት ሊመርቁ ነው የመጡት። ክፍሌ አስገብቼ ሻይና ዳቦ አቀረብኩ። ሻዩን ጠጡ፤ ዳቦውን «በልቼ ነው የወጣሁ፣ ልጅየ» ብለው ወደኔ ገፉት።  ዱዓ ካደረጉልኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እነዚያ ፈረንጆች ትልልቅ ሰዎች ናቸው አሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ። የተማሩ ናቸው።»

«ቃላቸው ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«እንግዲያ ልጄ ሲያገኛቸው ይንገርልን። እኛ አቤት ብንል የሚሰማን ጠፋ። ሹሞቹ ዘንድ ሄድን፣ አገር ደህና ነው በሉ ተባልን። እሱ በነሱ ቋንቋ ይንገርልን። ትምህርቱም ቢቀርበት ይቅር፤ መንገሩ ይበልጣል። አንቺም አስተምሪልኝ፣ እንዴት እንደሚነገር።»

«ኢንሻ አላህ ይነግራል፣ አባባ» አልኩ። ክርስቲያን ብሆንም በወሎ እንዲህ ነው የምንለው፤ ስል ደግሞ ከልቤ ነበር።

ይማም በማግስቱ ለልምምድ ሲቆም ስለ እርከን ተናግሮ ሲጨርስ ባልጻፍነው፣ ባልተለማመድነው እንግሊዝኛ «ከላላ ላይ ሰው በረሃብ እየሞተ ነው። ባለፈው ወር እኔ ራሴ አሥራ አንድ ሰው ቀብሬአለሁ» አለ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነበር፤ ግን ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲህ ጥርት ያለ ንግግር ከሱ አልሰማሁም። ተነስቼ መስኮቱን አየሁ። መስታወት የለውም ብያለሁ፤ በውጪ የሚያልፍ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ የጂኦግራፊ መምህር አስተማሪዎች በሚያርፉበት ክፍል ረሃብ የሚለውን ቃል በመጥራቱ ተጠርቶ፣ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ወደማናውቀው ቦታ ተዛውሮ ነበር።

«እንዲህ አይባልም፣ አቶ ይማም» አልኩት።

«ውሸት ነው እንዴ ቲቸር?»

«ውሸት አይደለም። ግን ምሁር እንዲህ አይናገርም። ማን ቆጠረ፣ ማስረጃህ የት አለ ይሉዎታል። 'በአንዳንድ ቦታዎች መጠነኛ የእህል እጥረት ያለ ይመስላል' ይበሉ።»

«የቀበርኳቸውስ?»

«ከዚያ ይገባቸዋል። የተማረ ሰው ከትንሽ ቃል ብዙ ይረዳል።»

ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ከዚያ እንደ ልማዱ እየተወዛወዘ ደጋገመው፤ እስኪዋሃደው ድረስ። እኔም አጠራሩን አስተካከልኩለት። እንግሊዝኛ ነው ብዬ ነው የነገርኩት። እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ትንሽም ክብር ፍለጋ ነበረበት፤ የመጀመሪያ ተማሪዬ እንዲያልፍልኝ፣ በአፉ ላይ እንከን እንዳይገኝ እፈልግ ነበር። ሁለቱን በምን ያህል እንደቀላቀልኩ እስካሁን ሳጣራው እኖራለሁ።

ደሴ አብሬው ሄድኩ። ፈተናው የሚሰጥበት ቤት ውጪ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ መስኮቱ ተከፍቶ ሁሉም ይታያል፣ ይሰማል። ፈታኞቹ አንድ ሽበታምና አንድ ወጣት ነበሩ። ይማም እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ሽበታሙ ሰውየ ባሕር ዛፍ ለገደል አፈር ምርጥ ነው ሲሉት «ይቅርታዎን ይስጡኝና» ብሎ ጀመረና ሦስት ምክንያት ደርድሮ አፈረሰባቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ በደስታ የሳቁት ሳቅ ነበር። እኔ ውጪ ነጠላዬን ነክሼ ልጮህ ደርሼ ነበር። መጨረሻ ላይ ሽበታሙ ፋይላቸውን ዘጉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ድምፃቸው የፈታኝ መሆኑ ቀርቶ የሰው ሆነና «በመንገድ ስንመጣ ያየነው ነገር አስጨንቆናል። በእናንተ በኩል ሰዉ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት።

የመንገሪያው በር ተከፈተለት። ሸህ ኢብሬ የጠበቁት ጥያቄ ያ ነበር። እሱ ግን በወሎ ጆሮ ሰማው፤ ሰዉ እንዴት ነው የሚል እንግዳ ምን እንደሚመለስለት ያውቃል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ እኔ አስይዤዋለሁ።  «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው» አለ በዚያ ባማረ እንግሊዝኛ። «በአንዳንድ ቦታዎች መጠነኛ የእህል እጥረት ያለ ይመስላል።» ወጣቱ ጻፈው። ሽበታሙ «ጥሩ ነው፣ ፈርተን ነበር» አሉ። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ ማለፉን ነገሩት፤ አለቀ። እኔ ምን አደረግሁ? ዘለልኩ። እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ከፒያሳው ጥግ ሁለት ብርቱካን ለስላሳ ገዝቼ አንዱን ሰጠሁት፤ ይዞት ቆመ፣ ሳይጠጣው ለባለሱቁ መለሰ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ከመንገድ ዳር ሰዎች እያለፈ ይሄዳል። አንዳንዱ እጁን ያነሳል፤ አንዳንዱ አያነሳም። አቀስታን አለፍን። ከዚያ «ቲቸር፣ አባቴን ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ፈተናውን አለፍኩ ይበሏቸው» አልኩ።  ከላላ ሲሄድ ግን አልነገራቸውም፤ ማለፉንም፣ የላኩትን ሳያደርስ መቅረቱንም። ነገ ዛሬ ሲል ወር ሞላው። አንድ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ያችው ዴስክ ላይ ተቀመጠና «ሳልነግራቸው ሄዱ» አለ። በረሃብ ነው የሞቱት፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በልቻለሁ እያሉ። ለቅሶ ልደርስ ይገባኝ ነበር፤ ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አገር ተገለበጠ። ልብስ ሰፊው ሱሪ ማስፋቱን ትቶ ካኪ ይሰፋ ጀመር። ሬዲዮው ዘፈኑን በሰልፍ መዝሙር ለወጠው፤ እኛም ዘመርን፤ እኔም ጮክ ብዬ ዘምሬአለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም። ረሃብ የሚለው ቃል በየግድግዳው ይጻፍ ጀመር። የይማም ፓስፖርት መጥቶ ሊሄድ አንድ አሥር ቀን ሲቀረው ነው ኳስ ሜዳው ላይ ሕዝብ የተሰበሰበው። ከደሴ የመጣ አንድ ወጣት መኮንን እግሮቹን አራርቆ ቆሞ «ረሃቡን የደበቀ ይጋለጥ!» አለ። ከድሮዎቹ ሹሞች አንዱ እጁን ታስሮ ቆሟል፤ ሰው እየተነሳ ይመሰክርበታል። ከዚያ ይማም ተነሳ። ያው ሰፊ ኮት ነበር የለበሰው።

«እኚህ ሰውየ ደብቀዋል፤ እውነት ነው» አለ። «እኔም ደብቄአለሁ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሰዉ እንዴት ነው አሉኝ። በእጄ የቀበርኳቸውን ሸሽጌ ትንሽ እጥረት አለ አልኳቸው። አባቴ ንገርልን ብለው ልከውኝ ነበር። አልነገርኩም።»

 እንዲህ ያለ ምስክር የሚጠብቅ አልነበረም። መኮንኑ ራሱ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ነቃ ብሎ «ማን ነው እንዲህ በል ያለህ? ስሙን ጥራ!» አለው።

«ማንም።»

«ይህን ብቻህን አላሰብከውም። ያስተማረህ አለ።»

«የለም» አለ ይማም። «አፉ የኔ ነው።»

እኔ በመምህራኑ መካከል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። የት እንደተቀመጥኩ ያውቃል፤ ሲመጣ ሰላም ብሎኛል። ወደኔ ዞሮ አላየም፤ እንዳይታወቅብኝ ብሎ ነው። ርዕሰ መምህሩ በጎን አዩኝና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አንዴ ደግሞ ይጠይቀው፣ ከዚያ እነሳለሁ እያልኩ ነበር። መኮንኑ ደግሞ አልጠየቀም። ይማምን ከሹሙ ጎን አቁመው ሁለቱን አብረው ወሰዷቸው። የውጭ አገር ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ዳቦና ስኳር በጨርቅ ቋጥሬ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። በሽቦው አጥር በኩል መጣ፤ ጺሙ አድጓል፤ አባቱን መስሏል። አንድም ነገር አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። «አቶ ይማም፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት እላለሁ» አልኩት። ፊቴን ትንሽ አየውና «ይሂዱ ቲቸር። ዘበኛው የጠያቂ ስም እየመዘገበ ነው፤ እርስዎ ጋ ሳይደርስ ይሂዱ» አለኝ። ዞር ስል ሰውየው ደብተሩን ይዞ ከጫፍ ጀምሮ እየመጣ ነው። ቋጠሮውን በሽቦው ሥር አስገባሁ። ሄድኩ።

ወር ሳይሞላ ዝውውር ጠይቄ ከመካነ ሰላም ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አፋቸውን የፈታሁላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ በየአገሩ ቆመው ያስተምራሉ፤ ያመሰግኑኛልም። ይማም ለምን ያህል ጊዜ እንደታሰረ፣ ተፈትቶ ከላላ ገብቶ እንደሆነ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ አላውቅም። ከዚያ አገር የመጣ ሰው አግኝቼ ልጠይቅ የምችልበት ቀን ብዙ ነበር። ግን ለምን እንደምጠይቅ መናገር ነበረብኝ።